በተጠቃሚዎች የሚታረሙ የኢንተርኔት መዛግብተ ዕውቀትን ስለመመዘን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

የመግለጫው መነሻ

እኛ በደብረ ማርቆስ ከተማና በአካባቢዋ ወረዳዎች የምናስተምር የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የቋንቋ መምህራን እንዲሁም በቤተ መጻሕፍት የምንሠራ ባለሙያዎች የተሰባሰብንበት ማኅበር፣ ዊኪፒዲያና እርሱን የመሰሉ፣ ማንኛውም ተጠቃሚ ሊጽፍባቸውና ሊያርማቸው የሚችል የኢንተርኔት መዛግብተ ዕውቀት በመማር ማስተማሩ ሥራ ያላቸውን ቦታ በጠቅላላ ጉባኤው መርምሮ ይህን የአቋም መግለጫ አውጥቷል። በመግለጫው «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጉዳዩ ከማኅበራችን ተልዕኮ የሚመነጭ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ሁለት ኃላፊነቶችን ሰጥቶናል። አንደኛው ተማሪዎቻችን የሰሙትንና ያነበቡትን መርምረው እንዲቀበሉ ማስቻል ሲሆን፣ ሁለተኛው የአካባቢያችን የጽሑፍና የቃል ቅርስ ሳይዛባ እንዲተላለፍ የበኩላችንን መወጣት ነው። ሁለቱም ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ይፈተናሉ።

አባላት በየትምህርት ቤታቸው የሚገጥማቸው ተመሳሳይ ነው። አሳይመንት ሲሰበሰብ ብዙ ተማሪ አንድ ዓይነት አንቀጽ ይዞ ይቀርባል። በአንቀጹ መካከል በቅንፍ የተቀመጡት የዋቢ ቁጥሮች እንዳሉ ናቸው፤ ቁጥሮቹ የሚያመለክቷቸው ዋቢዎች ግን በወረቀቱ ላይ የሉም። ተማሪው ቃሉን ገልብጦ ምስክሩን ትቶታል። መምህሩ ነጥብ ሲቀንስ ዘመኑ ያልገባው ይባላል፤ አይቶ ሲያልፍ ደግሞ ለትምህርት ጥራት መውደቅ ተጠያቂ ይሆናል። የማጣቀሻ መጻሕፍት ያልተሟሉለት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም ተማሪው ወደ ስልኩ በመሄዱ ሊወቅሰው አይችልም፤ የሚሰጠው ምትክ የለውምና። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጁት መማሪያ መጻሕፍት ሕትመት በዘገየባቸው ጊዜያት ዋናው የመማሪያ መጽሐፍ ራሱ በስልክ ይነበብ እንደነበር ይታወሳል። የማጣራት ሸክሙ ሁሉ መሣሪያ ባልተሰጠው ባለሙያ ትከሻ ላይ መጣሉን ማኅበሩ ተገቢ ሆኖ አላገኘውም።

ስለ አሠራሩ

እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በጥር 1993 ዓ.ም. ተጀመረ፤ አማርኛውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። ዛሬ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ይጠጋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጥቂት መስመር የማይዘሉ ናቸው። የዊኪፒዲያ ደንብ ለአከራካሪ ቃል ሁሉ ሊጣራ የሚችል የታተመ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የጸሐፊን የራሱን አዲስ ምርምር አይቀበልም፤ ወገንተኝነትን ይከለክላል። እያንዳንዱ ለውጥ በጽሑፉ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ክርክሩም በውይይት ገጹ ላይ ይታያል። ዊኪፒዲያ ራሱን በራሱ እንደ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስንም አይፈቅድም።

ስለዚህ በመምህራን ክፍል ዘወትር የሚሰሙት ሁለቱ ፍርዶች ጎደሎ ናቸው። «ማንም ስለሚጽፍበት አይታመንም» የሚለው፣ የለውጥ ታሪኩና ዋቢው ለማንም ክፍት መሆኑን አያይም። «ብዙ ሰው ስላየው ይታመናል» የሚለው ደግሞ፣ ያን ጽሑፍ በእርግጥ ስንት ሰው እንዳየው አይጠይቅም። ለማኅበራችን ዋናው ይህ ጥያቄ ነው።

ከሌላው ዓለም የታየው

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርእሶችን ከእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያና ከኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ወስዶ በባለሙያዎች አስመርምሮ ነበር። በዊኪፒዲያው 162፣ በብሪታኒካው 123 ስሕተትና ግድፈት ተገኘ፤ ከባድ የተባሉት ስሕተቶች ግን በሁለቱም እኩል አራት አራት ነበሩ። ብሪታኒካ የጥናቱን አካሄድ ተቃውሟል። ያም ሆኖ፣ ብዙ ዐዋቂ በሚከታተለው መስክ በሕዝብ የሚታረም ጽሑፍ ከታወቀ መዝገብ ብዙ የማይርቅበት ጊዜ እንዳለ ታይቷል።

በዚያው ዓመት ጆን ሲገንታለር በተባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ ገጽ ላይ አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው፣ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው ነበር የሚል ሐሰት አስገባ። ሐሰቱ ለአራት ወራት ያህል ማንም ሳያርመው ቆየ። ገጹ ክፍት ነበር፤ የሚጠብቀው ግን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የስኮትስ ቋንቋ ዊኪፒዲያ ብዙ ክፍል ቋንቋውን በቅጡ በማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ለዓመታት ሲጻፍ መኖሩ ተገለጠ። የክሮኤሽያኛው ዊኪፒዲያ ጥቂት አስተዳዳሪዎች ለዓመታት ተቆጣጥረውት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ በወገንተኝነት ሲያጣምሙ መቆየታቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው፣ የዊኪፒዲያ ባለቤት ድርጅት የሆነው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሪፖርት አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በቻይንኛው ዊኪፒዲያ አንዲት ጸሐፊ ስለ ሩሲያ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ከ200 በላይ የፈጠራ ጽሑፎችን ለዓመታት ስታስገባ እንደኖረች ታወቀ። ጽሑፎቹ ዋቢ ነበራቸው፤ ዋቢዎቹን ከፍቶ ያነበበ ግን አልነበረም።

ሌላም አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ ለተባለ የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በቀልድ የፈጠረውን ቅጽል ስም በዊኪፒዲያ አስገባ። ጋዜጦችና መጻሕፍት ስሙን ከዚያው ወስደው ጻፉት፤ ኋላም የእነርሱ ጽሑፍ ለዊኪፒዲያው ማስረጃ ሆኖ ተጠቀሰ። ሁለት ምንጮች ተስማሙ ሲባል አንዱ ከሌላው መቅዳቱን ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ አስረጂ የለም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የእነዚህ መዛግብት ጥንካሬ የሚመጣው ከሚከታተላቸው ዐዋቂ ብዛት ነው። ተከታታይ ባነሰበት ቋንቋና ርእስ ስሕተት ዕድሜ ያገኛል። አማርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ጎጃምም ከእነዚህ ርእሶች አንዱ ነው።

ወደ አካባቢያችን ስንመጣ

የታተመ ሁሉ እውነት አለመሆኑን የሚያሳየው የቅርቡ ምሳሌያችን ግሽ ዓባይ ነው። ፖርቱጋላውያን ሚሲዮናውያንን ተከትሎ የመጣው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ሰከላ ላይ አይቶ ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በቦታው የደረሰው በ1763 ዓ.ም. ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፉ የፓኤዝን ምስክርነት አጣጥሎ ቀዳሚነቱን ለራሱ ሰጥቷል። መጽሐፉ በጥሩ ወረቀት የታተመ፣ ደራሲውም ስሙ የታወቀ ነበር፤ ቃሉ ግን ስሕተት ነበር። ምንጩን ሲጠብቁና ሲያከብሩ የኖሩት የሰከላ ሰዎችም ከሁለቱም በፊት እዚያው ነበሩ። ስለዚህ ማኅበሩ ኢንተርኔትን ጠርጥሮ ወረቀትን በጭፍን የሚያምን አቋም አይዝም።

የዘመን አቆጣጠር ዋናው የስሕተት በር ነው። አርበኛው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በስቅላት የተገደሉት በጥር 1937 ዓ.ም. ነው። «ዓ.ም.» የሚለው ሲጠፋና ቁጥሩ ብቻ ሲቀር አንባቢው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይወስደዋል። ያኔ አርበኛው በጣሊያን ወረራ ሁለተኛ ዓመት፣ በጠላት እጅ የሞቱ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሞት የተፈረደባቸው ድል ከተገኘ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ በነጻነት ዘመን፣ በገዛ አገራቸው መንግሥት መሆኑ ነው። ሁለት ፊደል በመጥፋቱ የተለወጠው የአንድ ሰው ሞት ትርጉም ነው፤ ከእርሱም ጋር የአንድ ዘመን ፖለቲካ።

የጎጃም ጦር ከሸዋ ጦር ጋር የተዋጋበት የእምባቦ ጦርነትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1882 የተደረገው ይህ ጦርነት በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. ላይ ይውላል። በልማድ 7 ዓመት ብቻ የሚቀንስ ሰው 1875 ዓ.ም. ብሎ ይጽፋል፤ ጦርነቱ የተደረገው ከአውሮፓውያን ዓመት መግቢያ በኋላ፣ ከእኛ መስከረም በፊት በመሆኑ የሚቀነሰው 8 ነው። ለዘመናችን የተዘጋጀ መቀየሪያ የሚጠቀም ደግሞ ቀኑን ግንቦት 29 ያደርገዋል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበርና። ይህን የሚያርም በሙያው የሠለጠነ ዓይን ነው።

ስሞቻችንም ያሳስታሉ። የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ዙፋን የተቀመጡ ሁለት ዐፄ ተክለ ሃይማኖቶች አሉ፤ ብሩስ በመጣ ጊዜ የነገሡት ሁለተኛው ናቸው። በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡት የቀድሞው ራስ አዳል ተሰማ፣ የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም አሉ። አንድ ሊንክ ከአንዱ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሌላው ቢያሻግር አንባቢው የመቶ ዓመት ገደል መዝለሉን አያውቅም። ከተማችንም በቀድሞ ስሟ መንቆረር በተባለች ጊዜ የተጻፈውና ደብረ ማርቆስ ከተባለች ወዲህ የተጻፈው ስለ አንድ ቦታ መሆኑን የማያውቅ ፈላጊ ግማሹን ታሪክ ሳያገኝ ይቀራል። ዓባይ በዐይኑ «ዓ»ና በአልፋው «አ» ሲጻፍ የፍለጋው ውጤት ሊለያይ ይችላል።

የማስረጃ እጥረት ደግሞ የሁሉ ሥር ነው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ስለ ጎጃም የጻፉት ታሪክ ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ ታትሞ የወጣው በቅርብ ዓመታት ነው። በመርጡለ ማርያም፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ያሉት ብራናዎች በኢንተርኔት ፈላጊ እጅ የሚገቡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጽ የታተመው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኢቲዮፒካ» እያንዳንዱን ጽሑፍ በጸሐፊው ስም ፈርሞ የሚያቀርብ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈና ዋጋው ከትምህርት ቤቶቻችን አቅም በላይ ነው። የተሻለው ማስረጃ ከእጅ ሲርቅ የቀረበው ቦታውን ይይዛል።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ስለ አካባቢያችን ሌሎች ሲጽፉ፣ የአካባቢው ሰው ሊያርም ቀርቶ የተጻፈውን ሊያነብ አልቻለም። ያለ ኢንተርኔት የሚነበቡ እንደ ኪዊክስ ያሉ ቅጂዎች ጠቃሚ መሆናቸውን እንገነዘባለን። ሆኖም ቅጂው በተወሰደበት ቀን የነበረ ስሕተት በዋናው ገጽ ላይ ቢታረም እንኳ በቅጂው ውስጥ እንዳለ ይኖራል።

የቆምንበት መርሕ

በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ የተማረ ሰው ማን እንዳስተማረው ይጠየቃል። ድጓ የዘለቀም ቤተልሔም ሄዶ ሳያስመሰክር በመምህርነት ወንበር አይቀመጥም። በመጻሕፍት ትርጓሜም ሊቃውንቱ የተለያየውን ፍቺ «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን ያኖሩታል። ማኅበራችን የቆመው በዚህ ባህል ላይ ነው፤ የሚናገር ሰው ምስክሩን ያቀርባል፣ የሚለያይ ቃልም ሳይደመሰስ ይቀመጣል። ለብራናና ለወረቀት ያገለገለው ይህ ሥርዓት ለስልክ ጽሑፍም ያገለግላል።

በሌላ በኩል፣ ጽሑፍ የሌለው ሁሉ ሐሰት ነው የሚለውንም አንቀበልም። የጎጃም ታሪክ ብዙው ክፍል በአረጋውያን አፍ ላይ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በህንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን ቀርጾ ለዊኪፒዲያ እንደ ዋቢ ለመጠቀም ሙከራ መደረጉ ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

መፍትሔው እገዳ ነው የሚሉ ወገኖችንም ሰምተናል። ቱርክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ዊኪፒዲያን ዘግታ ነበር፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እገዳውን የሐሳብ ነጻነት ጥሰት ነው ካለ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ተከፈተ። በእነዚያ ዓመታት ስለ ቱርክ የሚጻፈው አልቆመም፤ የቆመው የቱርክ አንባቢ የማረም ዕድል ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29ም መረጃን የመፈለግና የመቀበል መብትን ያረጋግጣል።

አቋማችን

በእነዚህ ምክንያቶች ማኅበሩ የሚከተሉትን አቋሞች ይዟል።

1. የአንድ ቃል ተዓማኒነት የሚለካው በቀረበለት ማስረጃ ነው። የድረ ገጹ ስም፣ የመጽሐፉ ውፍረት ወይም የተናጋሪው ሥልጣን ማስረጃን አይተካም። ይህ መመዘኛ ለዊኪፒዲያ፣ ለታተመ መጽሐፍ፣ ለመሥሪያ ቤት በራሪ ጽሑፍና ለመምህር የክፍል ማስታወሻ በእኩልነት ይሠራል።

2. በተጠቃሚዎች የሚታረሙ መዛግብት ለጥናት መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጨረሻ ዋቢ ሆነው ግን በአሳይመንት፣ በመማሪያ ጽሑፍና በጥናት ወረቀት ላይ አይጠቀሱም። ተማሪው ከገጹ ወደ ዋቢው ሄዶ፣ ዋቢውን አንብቦ፣ ያነበበውን ይጠቅሳል። ዋቢው ካልተገኘ ይህንኑ በግልጽ ይጽፋል።

3. አባላት ማንኛውንም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከመቀበላቸው በፊትና ለተማሪ ሲያስተምሩ አምስት ነገሮችን ይመረምራሉ፦
ሀ) ቃሉ ዋቢ አለው ወይ፤ ዋቢው ተከፍቶ ሲነበብ ያንኑ ይላል ወይ፤
ለ) የዋቢው ጸሐፊና አሳታሚ በጉዳዩ ዕውቀትና ቅርበት አላቸው ወይ፤
ሐ) የለውጥ ታሪኩና የውይይት ገጹ ክርክር ወይም ድንገተኛ ለውጥ ያሳያሉ ወይ፤
መ) የተስማሙት ምንጮች በእርግጥ የተለያዩ ናቸው ወይስ አንዱ ከሌላው የቀዳ ነው፤
ሠ) ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር፣ ስሙም ስለ የትኛው ሰው ወይም ቦታ እንደተጻፈ ታውቋል ወይ።

4. ዓመት ያለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የተጻፈበትን ማንኛውንም ጽሑፍ ማኅበሩ ያልተሟላ አድርጎ ይቆጥረዋል። የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀኖች ሲቀየሩ የአንድ ቀን ልዩነቱ እንዲጠበቅ አባላት ያስተምራሉ።

5. አከራካሪ በሆነ ታሪክ ላይ፣ ለምሳሌ ስለ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የትውልድ ቦታና የልደት ዘመን ጸሐፊዎች በማይስማሙበት ጉዳይ፣ ልዩነቱ ከነማስረጃው እንዲቀርብ እንጂ አንዱ ወገን ሌላውን እየሰረዘ እንዲተካ አንደግፍም። የሚወደድ ስሕተት የራሳችንን አካባቢ የሚያከብር በመሆኑ ብቻ ከስሕተትነት አይወጣም።

6. በሕይወት ባሉ ሰዎች ስም ላይ የቀረበ ክስና በመካሄድ ላይ ስላለ ግጭት የሚሰጥ አኃዝ ከእነዚህ መዛግብት ተወስዶ በክፍል ውስጥ እንደ እውነት አይነገርም።

7. የቃል ምስክርነት የተናጋሪው ስምና ፈቃድ፣ ቦታው፣ ቀኑና የጠያቂው ማንነት ተመዝግቦ፣ ቅጂውም በሚታወቅ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቤተ መዛግብት ከተቀመጠ እንደ ማስረጃ ሊመዘን ይገባዋል። ተመዝኖ ሊወድቅም ሊጸድቅም ይችላል፤ ሳይመዘን ግን አይጣልም።

8. ጽሑፍን ያለ ምንጭ መገልበጥ ከማን እንደተገለበጠ ሳይለይ ጥፋት ነው። የዊኪፒዲያ ጽሑፍ በነጻ የሚሰራጨው ምንጩ እንዲጠቀስ በሚያስገድድ ፈቃድ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996ም የአእምሮ ሥራ ባለቤትን ያስከብራል። ይህ ግዴታ ከተማሪው ይልቅ በመማሪያ ጽሑፍ አዘጋጆችና በመሥሪያ ቤቶች ላይ ይጠብቃል።

9. ጥያቄ ሲቀርብላቸው መልስ አቀናብረው የሚሰጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ከእነዚሁ መዛግብት ጭምር የተማሩ ናቸው። የለውጥ ታሪክና የውይይት ገጽ ስለማያሳዩ የማጣራት ግዴታው በእነርሱ ላይ ይጠነክራል እንጂ አይላላም።

10. ማኅበሩ እነዚህን መዛግብት በትምህርት ቤት መከልከልን፣ የኢንተርኔት አገልግሎት መቋረጥንና ተማሪ በመጠቀሙ ብቻ መቀጣቱን አይደግፍም። በአንጻሩ በእነዚህ አቋሞች መሠረት ነጥብ የቀነሰ አባል በዚህ ምክንያት ወቀሳ ወይም ጫና ሲደርስበት ማኅበሩ ከጎኑ ይቆማል።

11. ማስረጃ በእጁ ያለ ባለሙያ ስሕተት አይቶ ዝም ማለቱ ከኃላፊነት አያድነውም። አባላት የሚያውቁትን ስሕተት የታተመ ዋቢ ጠቅሰው ያርማሉ፤ በውይይት ገጹ ላይ ምክንያታቸውን ይጽፋሉ። ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዘመዶቻቸውና ስለሚሠሩበት ተቋም ግን አይጽፉም፤ በቡድን ተሰባስበውም የአንድን ወገን አመለካከት ለማስፈን አይዘምቱም።

ለሚመለከታቸው አካላት የቀረበ ጥሪ

የትምህርት አስተዳደር አካላት ምንጭን የመመርመር ትምህርት ከመካከለኛ ደረጃ ጀምሮ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ግልጽ ቦታና የክፍለ ጊዜ ድርሻ እንዲኖረው እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። ተማሪ በ12ኛ ክፍል ድንገት ዋቢ ፈልግ ቢባል ከየት ያመጣዋል? ለየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትም የደስታ ተክለ ወልድንና የከሣቴ ብርሃን ተሰማን የመሳሰሉ መዛግብተ ቃላትን ጨምሮ መሠረታዊ የማጣቀሻ መጻሕፍት እንዲሟሉ እንጠይቃለን። ከስልክ የተሻለ ነገር ያላቀረብንለትን ተማሪ ስልክ ተጠቀምክ ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች የክልላችን ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ስለ አካባቢው የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችንና ጥናቶችን ማንኛውም አንባቢ ሊያገኛቸው በሚችል መልኩ በኢንተርኔት እንዲያቀርቡ፣ የአማርኛ አጭር መግለጫም እንዲያክሉባቸው እንጠይቃለን። በመደርደሪያ ላይ የተቆለፈ ጥናት ለማንም ዋቢ ሊሆን አይችልም።

የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት አስተዳደሮች የብራናዎቻቸው ደኅንነትና ባለቤትነት ተጠብቆ፣ በእነርሱ ፈቃድና ቁጥጥር፣ ዝርዝራቸውና የፎቶግራፍ ቅጂያቸው ለተመራማሪ የሚቀርብበትን መንገድ ከሊቃውንቱ ጋር እንዲመክሩበት በአክብሮት እንጠይቃለን።

መገናኛ ብዙኃንና የመሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ስለ ከተሞቻችንና ስለ ታሪካችን የሚያሳትሙትን ጽሑፍ ከየት እንዳገኙት እንዲጠቅሱ እንጠይቃለን። ምንጩ ያልተገለጸ በራሪ ጽሑፍ ነገ ለሐሰት ዋቢ ሆኖ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ማኅተም ያረፈበትን ስሕተት ማረም በስልክ ላይ ካለው ይልቅ እጅግ ይከብዳል።

ማኅበሩም ከሌሎች የሚጠይቀውን ከራሱ ይጀምራል። አባላት ለክፍል የሚያዘጋጁት ማስታወሻ ሁሉ ዋቢ ይኖረዋል፤ ዋቢ የሌለው ማስታወሻ በማኅበሩ ስም አይሰራጭም። በየትምህርት ቤቱ የሚገኙ አባላት በአቋም 3 የተዘረዘሩትን አምስት ጥያቄዎች በክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ የመጀመሪያውንም ልምምድ ተማሪው ስለ ራሱ ወረዳ በተጻፈ ገጽ ላይ ያሠራሉ፤ እውነቱን ከቤተሰቡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከቤተ መጻሕፍቱ ማመሳከር የሚችለው እዚያ ነውና።

ይህ መግለጫ በጠቅላላ ጉባኤው የጸደቀ በመሆኑ አባላትን ሁሉ ያስገድዳል። ከአቋሞቹ የትኛውም በቂ ማስረጃ ቀርቦ በጉባኤ ካልታየ በቀር በግለሰብ ጥያቄ፣ በመሥሪያ ቤት ጫና ወይም በሕዝብ አስተያየት ብዛት አይለወጥም። ማስረጃ ይዞ ለሚመጣ ግን፣ አባል ይሁን አይሁን፣ መምህር ይሁን ተማሪ፣ የማኅበሩ መድረክ ክፍት ነው።

ደብረ ማርቆስ
የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ